የታወቀ ዋጋና መልካም መስተንግዶ በጁባ ወደብ ገበያ

በማናቸውም ከተማ ያለ ገበያ ሁለት ወገኖች አሉት። አንደኛው ዕቃውን ይዞ የተቀመጠው ሻጭ ሲሆን፥ ሁለተኛው ገንዘቡን ይዞ የሚዞረው ሸማች ነው። ሻጩ የዕቃውን መግዣ፥ የጭነቱን ዋጋ፥ የቀረጡንና የሱቁን ኪራይ ዐውቆ ተቀምጧል፤ ሸማቹ ግን በእጁ ካለው ገንዘብና በቤቱ ከሚጠብቁት ሰዎች ቍጥር በቀር የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ግብይት የሚጀመረው በእኩል ዕውቀት አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያጠብቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የዋጋ አስቀድሞ መታወቅና የሻጩ መልካም መስተንግዶ ናቸው። የዚህ ትምህርት ዓላማ እነዚህ ሁለቱ የሸማቹን እግር ወደ የትኛው ሱቅ እንደሚመሩት በጁባ ወደብ ገበያ ምሳሌነት መግለጽ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዘመኖች፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ስለ ጁባና ስለ ወደቧ

ጁባ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ስትሆን የምትገኘው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ነው። በዚያ ስፍራ ወንዙ ባሕር ኤል ጀበል ተብሎ ይጠራል። ከጁባ በስተደቡብ እስከ ኒሙሌ ድረስ ውሃው በድንጋይ መካከል እየተንደረደረ ስለሚወርድ መርከብ አያሳልፍም፤ ከጁባ ወደ ሰሜን ግን በቦር በኩል ሱድ የሚባለውን ሰፊ ረግረግ አቋርጦ ወደ ማላካልና በሱዳን ወዳለችው ወደ ኮስቲ ያደርሳል። ይህ የውሃ መንገድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ የጁባ ወደብ የመርከብ ጕዞ የሚያበቃበትና የመኪና መንገድ የሚጀምርበት ስፍራ ነው።

ለኢትዮጵያ ሰው ይህ ውሃ ባዕድ አይደለም። ከኢሉባቦር ደጋ የሚነሣው ባሮ ጋምቤላን አልፎ ከፒቦር ጋራ ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አጠገብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ሲወርድ፥ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ በዚያው ውሃ ወደ አገር ሲገባ ኖሯል። በ2005 የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ጁባ ሄደው ሆቴል፥ ምግብ ቤት፥ ቡና ቤትና ሱቅ ከፍተዋል። ከኤርትራ፥ ከኡጋንዳ፥ ከኬንያ፥ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎችም በአጠገባቸው ይነግዳሉ። ስለዚህ በጁባ ገበያ የሚታየው ነገር ለአገራችን ነጋዴም ለአገራችን ሸማችም ትምህርት የሚሆን ነው።

ወደ ጁባ ከሚገባው ሸቀጥ እጅግ የሚበዛው የሚመጣው በመኪና ነው። ዕቃው በኬንያ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፥ ኡጋንዳን አቋርጦ፥ በኒሙሌ በኩል ይገባል፤ መንገዱም ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ከለበሰ ወዲህ የጕዞው ጊዜ አጥሯል። ሆኖም ዱቄቱ፥ ስኳሩ፥ ዘይቱና ሳሙናው ኮኞኮኞ በሚባለው በአሮጌው የጁባ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የጭነት ኪራይ፥ ቀረጥና በየኬላው የሚከፈል ልዩ ልዩ ክፍያ ይከመርበታል። ሸማቹ ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚያየው የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ነው።

፪፤ ገንዘቡ የሚናወጥበት ገበያ

ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት የሆነችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። በዚያው ወር የደቡብ ሱዳን ፓውንድ የተባለው የራስዋ ገንዘብ ወጣ። የገንዘቡም ይፋ ምንዛሪ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.95 ፓውንድ ሆኖ ቆየ። በዲሴምበር 2013 በጁባ ጦርነት ተነሥቶ በአገሩ ውስጥ ተስፋፋ፤ የነዳጅ ዘይት ገቢም ቀነሰ። በዲሴምበር 2015 መንግሥቱ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፥ ይፋው ዋጋ ለአንድ ዶላር ወደ 18.5 ፓውንድ ገደማ ወጣ።

የዚህን ትርጕም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በውጭ አገር 10 ዶላር የሚገዛ ዕቃ በቀድሞው ይፋ ምንዛሪ 29 ፓውንድ ከግማሽ ሲሆን፥ በአዲሱ ግን 185 ፓውንድ ሆነ ማለት ነው። እርግጥ በቀድሞው ምንዛሪ ዶላር ማግኘት የሚችሉት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ገበያው አስቀድሞ ከፍ ባለ ምንዛሪ ይሠራ ነበር። የዋጋው መናወጥ ግን በዚህ አላቆመም። በኦክቶበር 2016 የዕቃ ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ከመቶ 835 ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ ይህም ማለት አምና 100 ፓውንድ ይበቃው የነበረ አስቤዛ ዘንድሮ ከ900 ፓውንድ በላይ ጠየቀ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ነዳጅ ዘይቱን በሱዳን በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣው ቧንቧ በመሰበሩ የመንግሥቱ ገቢ ተጐድቶ ፓውንዱ እንደ ገና ወደቀ። የመንግሥት ሠራተኞችም ደመወዛቸውን ለብዙ ወራት ሳያገኙ የቆዩበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ገበያ ዋጋ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። በጁባ ዓረብኛ «በካም?» ብሎ «ስንት ነው?» ማለት በሌላ አገር የተራ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ በጁባ ግን የቤተ ሰቡ እራት ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስን ጥያቄ ነው። ትናንት የታወቀው ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ስለሚችል፥ የትናንቱ ዕውቀት ለሸማቹ አይጠቅመውም። ስለዚህ የሚፈልገው ርካሹን ሱቅ ብቻ ሳይሆን፥ የሚነግረውን ዋጋ ሊያምንበት የሚችለውን ሱቅ ነው።

፫፤ ዋጋ ታወቀ የሚባለው መቼ ነው?

ብዙ ነጋዴዎች ሸማቹ ሲጠይቃቸው ዋጋውን ስለ ነገሩት ብቻ ዋጋው የታወቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዋጋ በእውነት ታወቀ ለማለት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው፥ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት መታየቱ ነው። በወረቀት ተጽፎ በዕቃው ላይ የተለጠፈ ወይም በሰሌዳ የተጻፈ ዋጋ፥ ገንዘቡ የማይበቃው ሰው ሳያፍር እንዲያልፍ፥ የሚበቃው ደግሞ ሳይፈራ እንዲገባ ያደርጋል። ፊደል ለማያውቅ ሰው ቍጥሩን በቃል መንገር ይገባል።

ሁለተኛው፥ ዋጋው ለሁሉ አንድ መሆኑ ነው። የሸማቹን ልብስ፥ ቋንቋና የመጣበትን መኪና አይቶ የሚለዋወጥ ዋጋ፥ በቃል የተነገረ ቢሆንም የታወቀ ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛው፥ መስፈሪያው አንድ መሆኑ ነው። በደቡብ ሱዳን ማሽላና በቆሎ በችርቻሮ የሚሸጡት በብዛት መልዋ በሚባል ጣሳ ነው፤ አንድ መልዋም ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይይዛል። በአገራችንም ጣሳና ቁና፥ የቲማቲምና የሽንኵርት መደብ እንዲሁ ናቸው። ጣሳው ጐኑ የተጐደጐደ፥ መደቡም ከሥሩ የተሳሳ ከሆነ የዋጋው መታወቅ ሐሰት ይሆናል። ለትምህርት ያህል አንዱ ነጋዴ መልዋውን በ90 ፓውንድ፥ ሌላው በ98 ፓውንድ ይሸጣሉ እንበል። የመጀመሪያው ጣሳ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፥ ሙሉው መልዋ ለሸማቹ 100 ፓውንድ ወደቀበት ማለት ነው። ስለዚህ ርካሽ የመሰለው ሱቅ ውድ፥ ውድ የመሰለው ደግሞ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

አራተኛው፥ ዋጋው ሙሉ መሆኑ ነው። በጁባ የቤት ኪራይ፥ የሆቴል መኝታና ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋጋው በዶላር ተነግሮ በፓውንድ የሚከፈልበት ጊዜ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምንዛሪው ካልተነገረ ዋጋው አልተነገረም። እንዲሁም ሒሳቡ ሲዘጋ ያልተጠበቀ የአገልግሎት ወይም የግብር ጭማሪ ቢወጣ፥ ሸማቹ በገንዘቡ ከተጐዳው ይልቅ በመታለሉ ያዝናል፤ ወደዚያ ቤትም አይመለስም።

፬፤ ስለ ክርክርና ስለ ደንበኝነት

ዋጋን በክርክር መወሰን በብዙ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ በራሱም ክፉ አይደለም። ገበያ የምታውቅና ጊዜ ያላት እመቤት በክርክር ዋጋ ታስቀንሳለች፥ ምርቃትም ትቀበላለች፤ ሻጩም ሲመሽ የሚበላሽ አትክልቱን በቀነሰ ዋጋ ሰጥቶ ከኪሳራ ይድናል። ነገር ግን የክርክር ጥቅም ለሚያውቅ ሰው ነው። እንግዳው፥ ዐይነ አፋሩ፥ ሕመምተኛው፥ የሚቸኵለው ሠራተኛና ለመልእክት የተላከው ሕፃን ሁልጊዜ አብልጠው ይከፍላሉ።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ ስቲግለር በ1961 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፥ ዋጋ ፍለጋ መዞር ራሱ ወጪ አለው። ሸማቹ አንድ ተጨማሪ ሱቅ ለመጠየቅ ጊዜውን፥ ጕልበቱን፥ አንዳንድ ጊዜም የመኪና ገንዘቡን ያወጣል፤ ስለዚህ ፍለጋው ከሚያተርፈው ይልቅ የሚያደክመው ሲመስለው ያገኘውን ይገዛል። ዋጋውን ጽፎ የሚያሳይ ነጋዴ እንግዲህ ይህን ድካም ለሸማቹ ይቀንስለታል። ይህም ገንዘብ ሳይቀንሱ የሚሰጡት ስጦታ ነው ሊባል ይችላል።

ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለው ሊቅ ደግሞ ሴፍሩ በምትባል የሞሮኮ ከተማ ያለውን ገበያ መርምሮ በ1978 እንደ ጻፈው፥ ስለ ዕቃው ጥራትና ስለ ዋጋው ርግጠኛ ዕውቀት በማይገኝበት ገበያ ሸማቾች ወደ አንድ ሻጭ ደጋግመው በመሄድ ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ይህን የአማርኛ ተናጋሪ ከማንም በፊት ያውቀዋል። ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ደንበኛ ይባላል፤ ሻጩም በሸማቹ አፍ «ደንበኛዬ» ይባላል። በሥርዐቱ የሆነውንም ነገር ሁሉ «ደንበኛ ነው» እንላለን። እንግዲህ ቃሉ ሁለቱንም ወገን የሚጠራ ስለ ሆነ፥ ደንበኝነት ሻጩ ብቻ የሚያገኘው ጥቅም ሳይሆን ሁለቱን የሚያስተሳስር ውል ነው። ውሉም አይጻፍም፤ በየቀኑ በሚዛኑና በዋጋው ይታደሳል።

ዋጋን ለሁሉ አንድ አድርጎ በመሸጥ የበለጸጉ ሰዎች በታሪክ ብዙ ናቸው። በጃፓን በ1673 ሚትሱይ ታካቶሺ በኤዶ ከተማ፥ ማለት በዛሬይቱ ቶክዮ፥ ኤቺጎያ የተባለ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። በዚያ ዘመን የጨርቅ ነጋዴዎች ወደ ባለጸጎች ቤት እየሄዱ በዱቤና በክርክር ይሸጡ ነበር፤ እርሱ ግን በሱቁ ተቀምጦ በጥሬ ገንዘብ፥ ለሁሉም በአንድ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ዱቤው ስለ ቀረ ዋጋውን ሊቀንስ ቻለ፤ ተራው ሕዝብም ወደ ሱቁ መጣ። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በ1844 የተባበሩ 28 ሰዎች፥ አብዛኛዎቹም የእጅ ሥራ ሰዎች የሆኑ፥ ቅቤ፥ ስኳር፥ ዱቄት፥ የአጃ ዱቄትና ሻማ ይዘው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ ትክክለኛ ሚዛንና ያልተቀላቀለ ዕቃ መሸጣቸው የዓለም የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ምሳሌ አደረጋቸው። በፓሪስም ከ1852 ጀምሮ አሪስቲድ ቡሲኮ ቦን ማርሼ በተባለው መደብር ዋጋን በዕቃው ላይ መጻፍን፥ ሳይገዙም ገብቶ ማየትንና ያልተስማማን ዕቃ መመለስን አስለመደ። የእነዚህ ሁሉ ትርፍ የተገኘው ከአንድ ሸማች ብዙ በመውሰድ ሳይሆን፥ ብዙ ሸማች ደጋግሞ በመምጣቱ ነበር።

፭፤ ስለ መስተንግዶ

የታወቀ ዋጋ ሸማቹን ወደ ሱቁ ያስገባዋል፤ እንዲመለስ የሚያደርገው ግን መስተንግዶ ነው። መስተንግዶ ሲባል ፈገግታና ጣፋጭ ቃል ብቻ አይደለም። ከመስተንግዶ ዋናው የሸማቹን ጊዜና ክብር መጠበቅ ነው። ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይስተናገድ፤ ዝርዝር የሚገዛው ድኻ በጅምላ ከሚገዛው ባለጸጋ ኋላ አይጣል፤ መልሱ በሸማቹ ፊት ይቈጠር፤ የቀን ገደቡ ያለፈበት ዘይት ወይም የታሸገ ምግብ ከመደርደሪያው ይውረድ፤ የተበላሸ ዕቃ ይዞ የመጣም ሰው በቍጣ ሳይሆን በማዳመጥ ይመለስ።

ለውጭ አገር ነጋዴ ደግሞ የአገሬውን ቋንቋ መልመድ የመስተንግዶ መጀመሪያ ነው። የጁባ ዓረብኛ ብዙ ነገዶች የሚግባቡበት የገበያ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ሰላምታውን፥ ቍጥሩንና የዕቃውን ስም ያወቀ ቸርቻሪ ሸማቹን በአስተርጓሚ አያስጨንቀውም። በሸማቹ ፊት ሻጮች በራሳቸው ቋንቋ እየተነጋገሩ ዋጋ ሲወስኑ ግን፥ ምንም ተንኰል ባይኖርበት እንኳ ሸማቹ ይጠረጥራል። ጥርጣሬም ከአንድ ነጋዴ አልፎ በአገሩ ሰዎች ሁሉ ላይ ይወድቃል። በሴፕቴምበር 2014 የደቡብ ሱዳን መንግሥት በድርጅቶችና በሆቴሎች የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ቦታቸውን ለአገሬው እንዲለቁ የሚል ትእዛዝ አውጥቶ፥ ወዲያው ማሻሻሉ ይታወሳል። እንግዳ ሆኖ የሚነግድ ሰው ኑሮው በንግድ ፈቃዱ ብቻ ሳይሆን በሕዝቡ ፍቅርም የተመሠረተ መሆኑን ይህ ያስታውሰዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደ ተባለው፥ የአንድ ሱቅ መልካም ስም ባለቤቱ ካለፈም በኋላ ለልጆቹና ለወገኖቹ ይተርፋል።

የዱቤ ነገርም ከመስተንግዶ ይቈጠራል። ደመወዝ በሚዘገይበት ከተማ ዱቤ ለብዙ ቤት እስትንፋስ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በሚወድቅበት ጊዜ ዱቤ የጠብ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ሸማቹ ዕቃውን በወሰደበት ቀን ዋጋ እንደሚከፍል ያስባል፤ ሻጩ ደግሞ በተመለሰለት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መተካት አይችልም። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ብልኅ ቸርቻሪ ዱቤ ሲሰጥ ሦስት ነገር በሸማቹ ፊት በመዝገቡ ይጽፋል፤ እነዚህም የዕቃው መጠን፥ የዕለቱ ዋጋና የሚከፈለው በዕለቱ ዋጋ ወይም በክፍያው ቀን ዋጋ መሆኑ ናቸው። አስቀድሞ የተነገረ ከባድ ውል ኋላ ከሚነገር ቀላል ውል ይሻላል።

፮፤ ሸማች የሚቀበለው ጭማሪና የማይቀበለው ጭማሪ

ዋጋን ጽፎ መለጠፍ ዋጋው በሚናወጥበት አገር እንዴት ይቻላል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚረዳ አንድ ጥናት አለ። ዳንኤል ካኔማን፥ ጃክ ክኔትሽና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ሊቃውንት በካናዳ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎችን ጠይቀው ውጤቱን በ1986 አሳተሙ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነበር። አንድ ሱቅ የበረዶ መዛቂያ አካፋ በ15 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ፥ ብርቱ በረዶ በወረደ ማግስት ዋጋውን 20 ዶላር ቢያደርገው ተገቢ ነውን? ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ 82ቱ ተገቢ አይደለም አሉ። በዚያው ጥናት ሰዎቹ ነጋዴው ራሱ አስወድዶ ስለ ገዛ ዋጋ ቢጨምር በአብዛኛው ተገቢ እንደ ሆነ ተቀበሉት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሸማች ጭማሪን ሁሉ አይጠላም፤ የሚጠላው በችግሩ የሚጫወትበትን ጭማሪ ነው። እንግዲህ ምንዛሪው ሲለወጥ ወይም በዝናብ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ጭነት ሲወደድ፥ ነጋዴው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ቢናገር፥ የተለወጠበትንም ቀን በሰሌዳው ላይ ቢጽፍ፥ ሸማቹ ጭማሪውን እያዘነም ቢሆን ይቀበለዋል። ምክንያቱ ሲቀር ግን ዋጋው መውረድ አለበት። ምንዛሪው ሲወጣ በሰዓቱ የጨመረ፥ ሲወርድ ግን የቀድሞውን ዕቃ አስወድጄ ነው የገዛሁት የሚል ነጋዴ፥ ሁለቱን ቀኖች የሚያስታውስ ሸማች እንዳለ አይርሳ።

፯፤ ስለ ሹማምንት ድርሻ

ዋጋን ማሳወቅና ዋጋን መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ስፍራ እንዲያመለክት ወይም በዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ደንግጓል። ይህ ማሳወቅ ነው። በጃንዋሪ 2011 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት በስኳር፥ በምግብ ዘይትና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ ከፍተኛውን የመሸጫ ዋጋ ወሰነ። ይህ መወሰን ነው። ዋጋው በወረቀት ላይ ርካሽ ሆነ፤ ነገር ግን ስኳርና ዘይት ከብዙ ሱቅ ስለ ጠፉ ሸማቹ ሰልፍ ገባ። በአብዛኛው ዕቃ ላይ የተጣለው ውሳኔም በዚያው ዓመት ተነሣ። እንግዲህ የሌለ ዕቃ የተለጠፈ ዋጋ ለማንም እንደማይጠቅም ታየ።

በማሳወቅም ቢሆን ለማን እንደሚነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በ1993 የዴንማርክ የውድድር ባለ ሥልጣን ለሥራ የተዘጋጀ ኮንክሪት የሚሸጡ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የሚሸጡበትን ዋጋ ማሳተም ጀመረ። ሻጮቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ አንዱ የሌላውን ዋጋ እያየ መወዳደሩን ተወ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ከመቶ 15 እስከ 20 ወጣ። ስለዚህ ጥቂት አስመጪዎች ባሉበት ከተማ የሚጠቅመው የአስመጪዎቹን ዋጋ እርስ በርሳቸው ማስተዋወቅ ሳይሆን፥ የችርቻሮውን ዋጋ በብዙ ሱቆች ፊት ለሸማቹ ማሳየት ነው።

ከዚህ የተነሣ የአንድ ከተማ ሹም ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሥራዎች አሉ። በገበያው መግቢያ ማንም ሸማች የገዛውን የሚመዝንበት የታመነ ሚዛን ያቁም፤ ጣሳዎችና መስፈሪያዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ ያድርግ፤ ዋጋ ያልለጠፈውን ከመቅጣቱ በፊት ያስተምር፤ የሸማቹን አቤቱታ የሚሰማ አንድ ሰው በታወቀ ቦታና ሰዓት ያስቀምጥ። ከሁሉም ይልቅ የመንግሥት ክፍያ ራሱ የታወቀ ይሁን። በኬላው የሚከፈለው ቀረጥ በሰሌዳ ካልተጻፈና ደረሰኝ ካልተሰጠበት፥ ነጋዴው ዋጋውን እንዲጽፍ ማስገደድ አስቸጋሪ ነው። ነጋዴው የማይታወቅ ክፍያ ሲጠብቀው፥ ለሚፈራው ሁሉ አስቀድሞ በዕቃው ላይ ዋጋ ይጨምራል፤ የሹሙን ስውር ክፍያም በመጨረሻ የምትከፍለው መልዋዋን ይዛ የቆመችው እናት ናት።

፰፤ ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጸው የሸማች ምርጫ በዋጋ ማነስ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሸማች ዋጋውን አስቀድሞ ሊያውቀው፥ መስፈሪያውን ሊያምነው፥ ምክንያቱን ሊረዳውና ያለ ኀፍረት ሊመለስበት የሚችለውን ሱቅ ይመርጣል። ገንዘቡ በጸናበት አገር ይህ ነገር ላይጐላ ይችላል፤ እንደ ጁባ ገንዘብ በሚናወጥበት ወደብ ግን የቤት እራትና የነጋዴ ሕልውና የተንጠለጠሉበት ነገር ነው። ነጋዴ የዶላርን ዋጋ ሊያጸና አይችልም፤ ዝናብን ሊከለክልና የተሰበረ ቧንቧን ሊጠግንም አይችልም። ቃሉንና ሚዛኑን ግን ሊያጸና ይችላል። ሸማቹም በበኩሉ ዋጋ ያሳየውን ሱቅ በመምረጥ፥ ዱቤውን በቀኑ በመክፈልና የተሳሳተ መልስ ቢበዛለት በመመለስ የውሉን ድርሻ ይፈጽማል።

አንባቢዎች በየሰፈራቸው ሊነጋገሩባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ከዚህ ቀጥሎ ቀርበዋል።

1. በከተማው ገበያ የእህል መስፈሪያ ጣሳዎች እኩል ይይዛሉን? ካልሆነ ማን ሊያስተካክላቸው ይገባል?

2. ዋጋ በተለወጠ ጊዜ ነጋዴው ለሸማቹ በምን መንገድ ቢያስታውቅ ይሻላል?

3. በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴና በዱቤ የሚገዛ ሸማች አስቀድመው ሊስማሙባቸው የሚገቡ ነገሮች ምን ምን ናቸው?

4. በመንግሥት ቢሮና በኬላ የሚከፈሉት ክፍያዎች ለሕዝብ በሚታይ ቦታ ተጽፈዋልን?